ጋዝ አልኩ እንጂ ቡታጋዝ አልኩ?

የምሥራች! ቅዳሜ ይመጣል! አልጋው ከመኝታ ቤት ወጥቶ ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር ተዘርግቷል፤ አንሶላው ተተኩሷል፤ ሐኪሟ እሺ ብላለች፤ የሚያመጣው መኪናም ተይዟል። ኦስሎ ዳር፣ ቬስትሊ፣ ባቡሩ «እኔ እስከዚህ ነኝ» ብሎ በሚቆምበት ዳገት ላይ፣ አንድ ቤት ቅዳሜን እንደ ዓመት በዓል እየጠበቀ ነው።

የማን ቤት? የሙሉ ነዋ! የሚመጣውስ? ባሏ፣ ጥሩነህ! አምና በብርዱ ወራት በቃሬዛ ካወረዱት ወዲህ ወደዚያ ቤት የገባው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱንም ባይገባ ይሻለው ነበር። እንዴት እንደሆነ እኔ ጎረቤታቸው ከሥሩ ላጫውታችሁ። ደስታውና ኀዘኑ አንድ ላይ የተገመደ ስለሆነ አንዱን ለይቼ ብነግራችሁ ውሸት ይሆንብኛል።

ሙሉ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። ኦስሎ ከገባች ጀምሮ ጡረታ እስክትወጣ መሐል ከተማው ሴንትሩም ውስጥ ቢሮ ስታጸዳ ኖራለች። ባለ ቢሮዎቹ ሲገቡ እሷ ትወጣለች፤ ጠረጴዛቸውን እንጂ መልካቸውን አታውቅም። የሆዷን የምትተነፍሰው ቤቷ ስትገባ ነው፤ ቤቷ ማለት ደግሞ ጥሩነህ ነው። ጥሩነህ የድሬዳዋ ሰው ነው፤ ከእሷ ዘግይቶ መጥቶ ምግብ ቤት ውስጥ ዕቃ ሲያጥብ የኖረ፣ ያለ ቀልድ እህል የማይወርድለት። እሷ ብርድ አይበግራትም፤ እሱ በሰኔ ፀሐይ ሹራብ ደርቦ ይወጣል። አንድ የማትቻልበት ነገር ቢኖር ምርጫ ነው። ድንች ስትገዛ አንድ በአንድ ታገላብጣለች፣ ታሸታለች፣ ትመልሳለች፣ እንደገና ታነሳለች።

«አንቺ ድንች ስትመርጪ ገበያ ይፈታል» ይላታል። «እኔን ግን በአንድ ቀን መረጥሽኝ።»

«ተሳስቼ ነዋ! መጠንቀቅ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።»

እንዲህ እየተባባሉ ኖሩ። ከዚያ የጥሩነህ ልብ ደከመ። ሐኪሞቹ ያወቁት ደረጃ ሲያቅተው ነው፤ ሙሉ ያወቀችው ግን በብርዱ ነው። ልብ ሲደክም ደም ጣትና እግር ድረስ አይደርስም አሉ፤ ሰውየው ውስጡ ድረስ ይቀዘቅዛል።

አምና ደግሞ መብራት ጠፋ። አውሎ ነፋሱ ምን እንደበጠሰ እንጃ፣ ከአንድ ቀን ረፋድ እስከ ማግስቱ ከሰዓት ሰፈሩ በሙሉ ዝም አለ። እዚህ መብራት ጠፋ ማለት ሙቀት ጠፋ ማለት ነው፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፉት ማሞቂያዎች ሁሉ የኤሌክትሪክ ናቸው። ሙሉ ያላትን ብርድ ልብስ ሁሉ ከመረችበት። ከታች ፎቅ የምትኖረው ኤርትራዊቷ ጎረቤታቸው ደሃብ የራሷን ጋቢ ሳይቀር ተሸክማ ወጣች።

«በቃ በግ ሆንኩላችሁ» አለ ጥሩነህ ከክምሩ ሥር፤ «ለፋሲካ ነው የምታደልቡኝ?»

ደሃብና ሙሉ ሳቁ። ቀልዱ ሲያልቅበት ነው የደነገጡት። ከንፈሩ ጠቆረ፤ ሲጠሩት «እ» ማለት አቃተው። አምቡላንስ መጣ። አሳንሰሩ አይሠራም፣ ደረጃው ጨለማ ነው። ደሃብ በስልኳ መብራት መንገድ እያሳየች ከቃሬዛው ፊት ፊት ወረደች፤ መኪናው ሲሄድም የውጭውን በር ይዛ በረዶው ላይ በነጠላ ጫማ ቆማ ቀረች።

ሆስፒታሉ አተረፈው። ከዚያ ሲከየም ወደሚሉት የሕሙማን ማረፊያ አዛወሩት። «ለጊዜው» ነበር የተባለው። ሲሻለውና ቤት መግባት ይችላል ሲባል ግን እንቢ ያለው ራሱ ጥሩነህ ሆነ።

«ከግድግዳ ቀዳዳ በሚጠባ ማሞቂያ ሁለተኛ አልታለልም» አላት። «መብራት ቢኖር ባይኖር ራሱን ችሎ የሚነድ ነገር ቤቴ ውስጥ ሳይኖር አልመለስም።»

«ይኼን ብቻ ነው የምትፈልገው?»

«ይኼን ብቻ። ከዚያ ቤቴ ልሙት ልዳን፣ ራሴ አውቃለሁ።»

እንግዲህ ሙሉን አስቧት። ድንች መምረጥ የሚያቅታት ሴት ባሏን ወደ ቤት የሚያስገባ እሳት ምረጪ ተባለች።

ብሪን ሰፈር ወዳለ አንድ የዕቃ መደብር ሄደች። እዚያ ሃብቶም የሚባል ጸጉሩ የሸበተ ኤርትራዊ ሻጭ አለ፤ አማርኛው እንደ ውሃ ነው። በአንድ መደዳ ወደተደረደሩት ማሞቂያዎች ወሰዳት።

«ለበረንዳ ነው ለቤት ውስጥ፣ እህቴ?»

«ለቤት ውስጥ። መብራት ሲጠፋ።»

«እንግዲያው እነዚህን ረጃጅሞቹን እርሺያቸው። ውጭ ለሚቀመጥ ሰው ነው የተሠሩት፤ ቤት ውስጥ ብታበሪያቸው ይጨርሱሻል።»

ሙሉ አንዲት ነጭ፣ ክብ፣ የምታምር ማሞቂያ አየች። «ይቺስ?»

«እሷ ቆንጆ ናት። ግን ማራገቢያዋ ሶኬት ትፈልጋለች።»

«መብራት ሲጠፋ የምታሞቅ ማሞቂያ መብራት ትፈልጋለች?»

«ያ» አለ ሃብቶም በኖርዌይኛው አዎንታ፤ «ቆንጆ ያለ ጣጣ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ቀረ ቀረና ሁለት ቀረ፤ አንዱ በፓራፊን የሚሠራ፣ አንዱ በጋዝ። የፓራፊኑ ክር አለው፤ ነዳጁ ከጄሪካን ይቀዳለታል። የጋዙ እንደ ቁም ሳጥን ነው፤ ከሥሩ ጎማ አለው፣ ሲሊንደሩን በሆዱ ይሸከማል። ሁለቱም የክፍሉን አየር ስለሚበሉ መስኮት ገርበብ ይደረጋል፤ ሽታ የሌለው መርዘኛ አየር ሲከማች የሚጮኽ መሣሪያ አጠገባቸው ይቀመጣል፤ ሲተኛ ይጠፋሉ። ሃብቶም ይኼን ሁሉ በትዕግሥት አስረዳት። ሙሉ አመሰገነችው፤ ባዶ እጇን ወጣች። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች፤ እንደገና ባዶ እጇን ወጣች። ልጇ ሮሆቦት፣ ባርነሃገ በሚሉት መዋያ ሕፃናት የምትጠብቀው፣ በመኪናዋ ስታመላልሳት ሰለቻት።

«ማማ፣ ወይ ይኼን ወይ ያን! ማሞቂያ ነው እኮ፣ ባል አይደለም።»

«ባል ነው» አለቻት ሙሉ። «አንቺ አልገባሽም እንጂ ባል ነው።»

በመጨረሻ ጨነቃትና ራሱን ጠየቀችው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ድምፁ በደከመበት፣ ሁለት ቃል ተናግሮ በሚያርፍበት ቀን።

«ጥሩዬ፣ ፓራፊን ይሻላል ወይስ ጋዝ?»

አንድ ዓይኑን ከፈተ። «ፓራፊን? ያ ጸጉር የሚቀቡት?»

«አንተ ደግሞ! የማሞቂያውን ነው የምልህ።»

«ጸጉሬማ አልቋል። ምኔን ትቀቢዋለሽ?» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ጋዝ ነው እንጂ፤ ይኼ ምን ጥያቄ አለው።»

«እውነትህን ነው? ጋዝ?»

«ጋዝ አልኩሽ እኮ። ምን ያስፈራል?»

ሙሉ ከአልጋው ጠርዝ ተነሳች። ምን ያስፈራል አለ! ጥሩነህ እኮ ጽጌ የምትባል እህት ነበረችው፤ እሱ ድሬዳዋ ገና ወጣት ሳለ ቡታጋዝ ቤት ውስጥ ሾልኮ ፈንድቶ ነው የሞተችው። ሙሉ አታውቃትም። የምታውቀው፣ ባሏ ሲሊንደር ያለበት ማዕድ ቤት እግሩን እንደማያስገባ፣ ሰው መናፈሻ ውስጥ ሥጋ ሲጠብስ እንኳ ራቅ ብሎ ዛፍ ሥር እንደሚቀመጥ ነው። እና ዛሬ፣ ከሞት አፋፍ ተመልሶ፣ ምን ያስፈራል አለ። ሰው ሲታመም ይፈራል ሲሉ የእኔው ሰው ሲታመም ፍርሃቱ ለቀቀው ብላ ደስታዋ ሌላ ሆነ። በዚያው ቀን ብሪን ሄዳ፣ ሳታገላብጥ፣ ሳትጠራጠር፣ የጋዙን ገዛች። በሕይወቷ ፈጥና የመረጠችው ሁለተኛው ነገር ነው።

እሑድ ለከሰዓት ፈቃድ ወሰዱለት። ሙሉ ሹርባ ሠራች፣ የድሬዳዋውን ዓይነት፤ ማሞቂያውን ሳሎኑ መሐል አቁማ ለኮሰችው፤ መስኮቱንም ገርበብ አደረገች። ሮሆቦት አባቷን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች አስገባችው። ጥሩነህ ፈገግ ብሎ ግድግዳውን አየ፣ ሶፋውን አየ፣ ሙሉን አየ። ከዚያ ዓይኑ ቁም ሳጥን በመሰለው ነገር ላይ አረፈ፤ ከጀርባው የወጣውን ቱቦ ተከትሎ ወደ ሲሊንደሩ ወረደ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ማሞቂያው ነዋ! እንዳልከው።»

«እንዳልኩት?» ኮቱን ሊያወልቅለት የተዘረጋውን የሙሉን እጅ ገፋው። «ሮሆቦት፣ መልሺኝ።»

«ናይ፣ ኧረ አይሆንም ፓፓ! አሁን ገባን እኮ...»

«መልሺኝ ብያለሁ!»

ሙሉ ወንበሩ ፊት ቆመች። ማታ ማታ ስታልመው የነበረው ቀን እፊቷ ሲፈርስ ማዘን ቀርቶ ንዴት ቀደማት። «ራስህ አይደለህም እንዴ ጋዝ ያልከኝ? በልጅህ ፊት ንገረኝ፤ ጋዝ አላልክም?»

«ጋዝ አልኩ እንጂ ቡታጋዝ አልኩ? ጋዝ! ነጭ ጋዝ! ፋኖስ የሚሞላበት፣ አባቴ ሱቅ በጠርሙስ ስሸጠው ያደግሁት!»

«እዚህ አገር እኮ ጋዝ ሲባል ይኼ ነው። እሱን ፓራፊን ነው የሚሉት፤ ሁሉም ሰው...»

«እዚህ አገር!» አለ። «እኔ ከአንቺ ጋር መስሎኝ የማወራው። ከአገሩ ጋር ነው እንዴ?»

ሮሆቦት እየሮጠች ማሞቂያውን አጠፋች፤ ለእሱ ግን መጥፋት አለመጥፋቱ ምኑም አልነበረም።

«ጽጌን አምጥተሽ ሳሎኔ ውስጥ አስቀመጥሽብኝ» አለ ቀስ ብሎ። ሹርባው ሳይቀመስ ወደ ሲከየሙ ተመለሰ።

ሙሉ ብቻዋን ስትቀር ማልቀሱም እንቢ አላት። ደብረ ብርሃን ልጅ ሳለች ጠርሙስ ይዛ «ጋዝ ሙላልኝ» እያለች ሱቅ ትላክ አልነበር? እናቷ ወጥ የምትሠራበት ምድጃ የጋዝ ምድጃ አልነበር? ጥሩነህ የተናገረው ቃል የእሷም ቃል ነበር። መቼ ነው የተለወጠባት? ከቴሌቪዥኑ ነው? ከሮሆቦት አፍ ነው? ወይስ ባዶ ቢሮ ስትጠርግ፣ የሚሰማት በሌለበት፣ ቃሏ ሳታውቀው ወጥቶ ሌላው ገባ? ጥርስ ሲወልቅ ሰው ያውቃል፤ ቃል ሲወልቅ ግን አያምም። አብረው አርጅተው፣ በአንድ ትራስ ተኝተው፣ አንዲት ቃል መሐላቸው ለሁለት ተሰንጥቃ ኖራ አላዩአትም። ይኼን ስታስብ ነው እንባው የመጣው።

ማሞቂያውን ብሪን መለሰችው። ሃብቶም ምን ነው ብሎ ሲጠይቃት ነገረችው።

«ላምባ ማለቱ ነዋ!» ብሎ ሳቁ አመለጠው፤ ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠ። «አይዞሽ እህቴ። እኔም እኮ ቤቴ ላምባ ነው የምለው፤ ሱቁ ነው ፓራፊን ያስለመደኝ። ያን ጊዜ ላምባ ብዬሽ ቢሆን...» የላምባውን አወረደላት፤ ክሩን እንዴት እንደምትተክል፣ አዲስ ክር ነዳጁን እስኪጠጣ ሳይለኮስ እንዴት እንደሚቆይ አሳያት።

እየሮጠች ለጥሩነህ ነገረችው። «ለወጥኩት! ነጭ ጋዙን ገዛሁልህ፣ ራሱን፣ የአባትህ ሱቅ ይሸጠው የነበረውን።»

እሱ ግን መስኮት መስኮቱን እያየ ነበር። «ተይው ሙሉ» አላት፤ ሙልዬ እንኳ አላላትም። «እዚህ ይሞቃል።»

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ሆነ። ስትገባ «ደህና ነኝ» ይላታል፤ ስትወጣ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላታል፣ እንደ እንግዳ። ቀልድ የለም። አንድም! ነርሶቹ «ባልሽ ጨዋ ነው፣ አያስቸግርም» ሲሏት አንጀቷ ይቆረጣል። የእሷ ጥሩነህ እኮ አስቸጋሪ ነበር።

ሳምንታት አለፉ፤ በረዶው ወደቀ። ሐኪሟ ሙሉንና ሮሆቦትን ለብቻ ጠርታ አስቀመጠቻቸው። ልቡ ጨርሷል፤ መድኃኒቱ ከእንግዲህ ማድከም እንጂ ማዳን የለውም። ቤቱ መሆን ከፈለገ የማዘጋጃ ቤቱ ነርሶች እየተመላለሱ ሕመሙን ያስታግሱለታል፤ እዚህ መቆየት ከፈለገም ይችላል። ምርጫው የእሱ ነው። ሮሆቦት ለአባቷ ጎንበስ ብላ ነገረችው። ጥሩነህ ሰማ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያ መልስ ነበር።

ሙሉ ቤቷ ገብታ ያደረገችውን እኔ እንጃ፣ ሌላ ሰው ቢሆን አያደርገውም። ማሞቂያውን ለኮሰችው። ማንም አልመጣም፣ መብራትም አልጠፋም፤ ግን በየቀኑ ትለኩሰው ጀመር። መስኮቱን ገርበብ፣ ክሩን ከፍ ዝቅ፣ ነበልባሉ ሰማያዊ እስኪሆን። ድንገት ሐሳቡን ቢለውጥ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ልለማመድ ነው ትላለች ለራሷ። ተለማመጅ ያላት የለም። አጠገቡ ወንበር ስባ ትቀመጥና ታለቅሳለች፤ ሲበቃት ታጠፋውና ልትጠይቀው ትሄዳለች።

ትናንት ስትሞላው እጇ ከዳትና ነዳጁ የኮቷ እጅጌ ላይ ፈሰሰ። ሰዓቱ ረፍዶባት ስለነበር በውሃ እንኳ ሳታስለቅቀው ወጣች። ባቡር ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አድርጎ ተነስቶ ሌላ ቦታ ሄደ፤ አፈረች። ሲከየሙ ስትደርስም ነርሷ «ምን ሸተተ?» ብላ መስኮት ከፈተች። ሙሉ እጅጌዋን ከጀርባዋ ደብቃ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች።

ጥሩነህ ዓይኑን ጨፍኗል። አፍንጫው ተንቀሳቀሰ። እንደገና።

«ሙልዬ።»

«ወዬ!»

«ጋዝ ጋዝ ትሸቻለሽ።»

ሙሉ የቱ ጋዝ ብላ አልጠየቀችም። እሱ እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር እየጎተተ አወጣና እጅጌዋን ፈልጎ ያዘው፤ ወደ ፊቱ ስቦ አፍንጫውን ቀበረበት። ረጅም ጊዜ አልለቀቀውም። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ነው እያለቀሰ መሆኑን ያወቀችው።

«አፍስሰሽዋል» አላት በመጨረሻ ከእጅጌዋ ውስጥ። «አባቴ ቢሆን በኩርኩም ነበር። እሳቱ እንዴት ነው? ይጨሳል?»

«አይጨስም። ሰማያዊ ነው።»

«ጎበዝ።» አረፈ። «ውሰጂኝ እንግዲህ።»

«መቼ? መቼ ልውሰድህ?»

«ቀኑን ልጅቷ ትምረጥ። አንቺ ከመረጥሽ አልደርስም።»

ሙሉ ሳቀች። እየሳቀች ደረቱ ላይ ተደፋች፤ ሳቁ መሐል መንገድ ላይ ሌላ ነገር ሆነ፤ ነርሷ ሮጣ መጥታ ሁለቱን ስታይ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችላቸው። ሮሆቦት ቅዳሜን መረጠች።

ስንት ቀን ይቆያል አትበሉኝ። ሐኪሟም አልተናገረችም፣ ሙሉም አልጠየቀቻትም። ዛሬ ጠዋት ደረጃው ላይ አግኝታኝ ይኼን ሁሉ ስትነግረኝ ፊቷ አብጦ ነበር፤ ዓይኖቿ ግን እንደ ሙሽራ ያበራሉ። «ይመጣል እኮ!» ትላለች፤ ክንዴን ትይዛለች፤ «ሊሞት ነው እኮ የሚመጣው» ትላለች፤ ደግሞ መልሳ «ግን ይመጣል!»

ኧረ እኔስ ምን አስቀመጠኝ! ደሃብ ከሥራ የምትገባበት ሰዓት ደርሷል፤ እስካሁን ምንም አልሰማችም። ቅዳሜ አምቡላንስ በሩ ላይ ቆሞ ያንን ሰውዬ በቃሬዛ ካየችው ልቧ ቀጥ ይላል። ሳትደነግጥ ልድረስባትና ልንገራት፤ የአሁኑ ቃሬዛ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፣ ወደ ላይ! ጫማዬን የት ነው ያደረግሁት? ደሃብ! ደሃብ፣ ቆዪኝ፣ በሩን እንዳትዘጊው!